ባዶ አውቶቡስ ይዘላል

አባዬ የተቀበረ ቀን እኔ ሮም ዳርቻ ላይ ባዶ አውቶቡስ እየነዳሁ ነበር። እዚህ የምናውቀው አበሻ ሁሉ መሞቱን ሰምቷል፤ ያልሰማሁት እኔ ልጁ ብቻ ነበርኩ። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ከፈላ በኋላ ደግሞ አለቅሳለሁ። ሁለቱ በየተራ እየመጡ አልለቅ ብለውኛል።

ስሜ ጽዮን ጌጡ ነው። ጌጡን የጉለሌ ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ አንበሳ አውቶቡስ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሾፌር ነው፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ለገሃር፣ ከለገሃር ሽቅብ ሽሮ ሜዳ። እናታችን የሞተችው ታናሽ ወንድሜ እንዳሻው ገና ጡት ሳይጥል ስለሆነ ሁለታችንንም ያሳደገን እሱ ነው። ትምህርት ቤት በሌለ ቀን እንዳሻውን ለጎረቤት ይሰጥና እኔን ይዞኝ ይወጣል። ከመቀመጫው አጠገብ፣ ሞተሩን የሚከድነው ብረት ላይ ብርድ ልብስ አጥፎ ያነጥፍልኛል፤ እዚያ ላይ እየሞቀኝ ከተማውን ስዞር እውል ነበር። ተሳፋሪዎች "ስታድጊ ምን ትሆኛለሽ?" ሲሉኝ "አውቶቡስ ነጂ" እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። አባዬ ግን አይስቅም። በስፖኪዮው አየት ያደርገኝና "ትነዳለች" ይላቸዋል።

አልነዳሁም። መጀመሪያ ቤሩት፣ ከዚያ ሮም ገባሁና የሰው ቤት ሠራተኛ ሆንኩ። እዚህ ፊሳ ይሉታል፤ አሮጊቷ ቤት በልተሽ አሮጊቷ ቤት የምታድሪበት፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ የራስሽ የሆኑበት ሥራ። አንዲት ሲኞራ ለዓመታት አጠብኩ፣ አለበስኩ፣ አጎረስኩ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። ነገር ግን አገሬ ደርሼ ልምጣ ባልኩ ቁጥር ትታመማለች፤ ልጆቿም "ዘንድሮን ብቻ እባክሽ" ይሉኛል። እንዲሁ ዘንድሮ ዘንድሮ ስንባባል አባዬን ሳላየው ስንት ዓመት አለፈ።

እኔን ሥራው አላሳፈረኝም። የጨነቀው አባዬን ነው። አንድም ቀን ከአፉ አልወጣም፤ ግን ጡረታ ከወጣ በኋላ ከድሮ ሾፌሮች ጋር በሚውልበት ሻይ ቤት "ልጅህ ምን ትሠራለች?" ብለው ሲጠይቁት "ጣልያን አገር ናት" ይልና ወሬ ይቀይራል። ይህን የነገረኝ እንዳሻው ነው፣ ያውም እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ ብርጭቆውን እያሽከረከረ ስለ እኔ የሚለው ሲጠፋው በዓይኔ ታየኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባዬ በዚያ ሻይ ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚመልሰው መልስ እንዲኖረው።

ሲኞራ ባለፈው ዓመት ሞተች። እኔም ከውባንቺ ጋር ለሐሙስና ለእሑድ ብለን በጋራ ተከራይተናት ወደኖርንባት ክፍል ጠቅልዬ ገባሁ። ውባንቺ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሮም ውስጥ እህት አለሽ ወይ ብትሉኝ እሷን ነው የምጠራው። ሁለታችንም በሰዓት እየተቀጠርን ሽማግሌ መጦር ጀመርን። አንድ ሐሙስ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የኛ ሰዎች በሚሰበሰቡበት ባር ተቀምጠን ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። በከተማዋ ዳርቻ መስመሮች ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት የአውቶቡስ ሾፌሮች ይፈልጋል፤ ፓርት ታይም።

"አሎራ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ።

"ግማሽ ቀን እኮ ነው።"

"ቢሆንስ? ግማሹን ቀን ሽማግሌ ታጥቢያለሽ፣ ግማሹን ቀን ሮምን ታዞሪያለሽ። ፓቴንቴውን ለጌጥ ነው እንዴ ያወጣሽው?"

እውነቷን ነው። የአውቶቡስ መንጃ ፈቃዱን ሲኞራ በሕይወት እያለች፣ በሐሙስ ከሰዓቶቼ ተምሬ ይዤው ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት ለራሴም በግልጽ ሳልነግረው። ትምህርቱን ያቀለለልኝ አባዬ ነው። ፍሬን፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ስፖኪዮ፣ እሱ ጋራዥ ውስጥ እየጮኸ ይጠራቸው የነበሩ ቃላት ሁሉ እዚህ መጽሐፉ ውስጥ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። እዚያው ባሩ ውስጥ ማመልከቻውን በስልክ ሞላን። ውባንቺ "ላክ" የሚለውን በራሷ ጣት ተጫነችው።

ለኮሎኩዮ፣ ለቃለ መጠይቁ ማለት ነው፣ ጠሩኝ። አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ሰውዬ ለምን ይህን ሥራ እንደፈለግሁ ጠየቁኝ። "አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው" አልኳቸው። ሌላ ያዘጋጀሁት መልስ ሁሉ ጠፋብኝ። ተያይተው ፈገግ አሉና የመንዳት ፈተናውን ቀን በስልክ እናሳውቅሻለን አሉኝ። ከዚያ ወጥቼ ደስታዬን ብቻዬን መሸከም ስላልቻልኩ ለእንዳሻው ደወልኩለት።

"አባዬ እንዳይሰማ" አልኩት። "የሾፌር ዲቪዛዬን ለብሼ በቪዲዮ እስኪያየኝ ድረስ ትንፍሽ እንዳትል።"

"እሺ።"

"እሺ አይበቃም፤ ማል።"

"ኧረ ጽዮን፣ ልጆች ነን እንዴ?"

"ማል አልኩህ!"

"አባዬ ይሙት አልነግረውም።"

"እንደሱ በል።"

ያለ ምክንያት አልነበረም ያስማልኩት። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ለመስቀል እመጣለሁ ብዬው ነበር። አባዬ ቤቱን ቀለም አስቀባ፣ በግ ገዛ፣ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ሲኞራ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና ቀረሁ። በጉን ለማን እንዳረደው ደፍሬ ጠይቄው አላውቅም። አሁንም ሾፌር ልሆን ነው ብዬው ሾፌሮቹን ሁሉ ሻይ ጋብዞ ከዚያ ብወድቅ፣ ምን ብዬ ፊቱን አያለሁ?

እኛ ቤት ሌላ መሐላ አልነበረም። ሌላው ሰው በእናቱም በአባቱም ይምላል፤ እኛ የነበረን እሱ ብቻ ነው። ብርጭቆ ሲሰበር፣ ስኳር ሲጎድል፣ "አባዬ ይሙት እኔ አይደለሁም" ነበር። እንዳሻው ቅጥፈት ይወዳል። "አባዬ ይሙት" ካለ ግን አይዋሽም። ልጅ ሆኖ አንድ ጊዜ በውሸት ማለና አባዬ በዚያው ሰሞን ታይፎይድ ይዞት ተኛ። እንዳሻው አልጋው ሥር ገብቶ ሲያለቅስ አገኘነው፤ እኔ ነኝ ያሳመምኩት እያለ። አባዬ ከተሻለው በኋላ ለሾፌሮቹ እያወራ ይስቅበት ነበር።

አባዬ የታመመው እኔ የፈተናውን ቀን ስጠብቅ ነው። ሳንባው ላይ ውሃ ቋጠረ፤ ሆስፒታል ገባ። ለኔ የተነገረኝ ግን "ተኝቷል"፣ "ቤተ ክርስቲያን ሄዷል"፣ "ኔትወርክ የለም" ነው። ጸሎት አዘውትሯል ብዬ ደስ አለኝ። ኔትወርኩንማ ማን ይጠረጥራል? አገራችን ውስጥ ለመዋሸት እንደ ኔትወርክ የሚመች ነገር የለም። እንዳሻው ጨንቆት ለውባንቺ ደውሎ ነበር፤ አምና አዲስ አበባ ሄዳ ለአባዬ ሹራብና መድኃኒት ስታደርስልኝ ስልክ ተለዋውጠዋል። ውባንቺ ለጋሽ ጌትነት ነገረች። ጋሽ ጌትነት የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሮም ውስጥ የማያስታርቁት ባልና ሚስት፣ የማይነግሩት መርዶ የለም። "ልጅቱ ፈተና ላይ ናት፤ ሐሳቧን አትበትኑት" አሉ። በቃ፣ ያን ጊዜ ተቆረጠ። ሰዎቹ ለራሳቸው የመኖሪያ ፔርሜሶ እንኳ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም።

ወጉን አላውቀውም ማለቴ አይደለም። መጥፎ ወሬ ለሰው በጥድፊያ አይነገርም፤ ጊዜ ይመረጥለታል፣ የሚደግፍ ሰው ይሰበሰብለታል። እኔም ለሌላ ሰው መርዶ ጎሕ ሲቀድ ከጋሽ ጌትነት ኋላ ቆሜ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በፈተናው ዕለት ጠዋት ሸሚዜን ስተኩስ የውባንቺ ስልክ ጮኸ። አየችውና ይዛው መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ስትወጣ ዓይኗ በርበሬ መስሏል።

"ምን ሆንሽ?"

"ሻምፑ ገብቶብኝ ነው" አለች።

የማታውን ሽሮ አሙቃ በግድ አበላችኝ። በር ላይ አንገቴን አቀፈችና አልለቅ አለች። "ፈተና እኮ ነው የምሄደው፣ ጦር ሜዳ አይደለም" ብዬ ሳቅሁባት። "ሂጂ፣ እመብርሃን ትከተልሽ" አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ዴፖዚቶው ከሮማኒና ወዲያ ነው፤ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ሰፊ ግቢ። ፈታኙ ማሲሞ የሚባል ማስቲካ የማይጠፋው ሰውዬ ነበር። ከመግባቴ በፊት ዞሬ ጎማዎቹን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። ወንበሩን አስተካከልኩ፣ ስፖኪዮዎቹን አየሁ፣ ከዚያ ሳላስበው አማተብኩ።

"ማ ኬ ፋይ? ፈራሽ እንዴ?" አለኝ።

"አልፈራሁም፤ አባቴ እንዲህ ነው የሚጀምረው።"

"አባትሽ ቄስ ነው?"

"ሾፌር ነው። የአውቶቡስ።"

"ቫ ቤኔ፣ የሾፌር ልጅ። እንሂድ እስቲ።"

ወጣን። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ አደባባዩን ዞርኩ፣ ደርቦ የቆመ መኪና በትዕግሥት አለፍኩ። የጥድ ዛፍ ሥሮች አስፋልቱን ያነሱት መንገድ ላይ ስንደርስ ግን አውቶቡሱ ዘለለ። ከኋላዬ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ተንኳኩ። ደንግጬ ፍሬን ስይዝ የባሰውን ነጠረ። "ፒያኖ፣ ፒያኖ! ቀስ በይ!" አለኝ ማሲሞ ብረቱን ጨብጦ። የመንጃ ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ላይ ሁልጊዜ ተማሪዎች ስለምንሞላ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። ምን እንዳጠፋሁ አባዬን እጠይቀዋለሁ ብዬ በልቤ ያዝኩት፤ ዲቪዛዬን አይቶ እንደጨረሰ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። ፍጥነቴን ቀንሼ፣ ፍሬኑን አስቀድሜ እየነካካሁ መለስኩት። ግቢው ውስጥ ሳቆመው ማሲሞ ማስቲካውን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና እጁን ዘረጋልኝ። አልፈሻል አለኝ።

ግቢው በር ላይ ቆሜ ለእንዳሻው ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ ተነሳ። ብዙ ሰው ይሰማኛል፤ ወንበር ሲጎተት፣ የሴቶች ድምፅ።

"አለፍኩ!" ብዬ ጮህኩ። "እንዳሻው፣ አለፍኩ እኮ! አትሰማኝም?"

"እሰማሻለሁ። እንኳን ደስ ያለሽ።"

"ድምፅህ ምን ሆኗል?"

"ጉንፋን ነው። ለቅሶ ቤት ነኝ፣ እዚህ ሰፈር… ሰው ሞቶ።"

"ውይ፣ ነፍስ ይማር። ማነው?"

"አታውቂውም፤ አዲስ ሰው ነው።"

"አባዬስ አብሮህ አለ?"

"አለ" አለኝ። "ከፊቴ ነው።"

"ሰላም ልበለው ብቻ፣ ምንም አልነግረውም። ድምፁ ናፈቀኝ።"

"እኔም" አለ።

"አንተ ደግሞ! አብረኸው እየኖርክ!" ብዬ ሳቅሁ።

"አይመችም ጽዮንዬ። ሰው አለ።"

"በል እሺ። እንዳትነግረው ታዲያ፤ ምለሃል። እንዳሻው!"

"ምያለሁ" አለኝና ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቸኮለ። ሐኪም ዓይኔንና ጆሮዬን አየኝ፣ ኮንትራቶ ፈረምኩ፣ ሰማያዊ ሸሚዝና ጥቁር ሰማያዊ ኮት ሰጡኝ። ለማኅበሩ ሽማግሌዎች ደግሞ "ፈተናው ይለፍ" የተባለው "ፊርማው ይለፍ" ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰዎች ከወትሮው ሁለት ጊዜ አብልጠው ይስሙኛል፤ ሥራ ስላገኘሁ መሰለኝ። ዘመናይ የምትባል ለወትሮው ሰላምታዋ በአገጭ የሆነ ሴት እጄን ይዛ "በርቺ እህቴ" አለችኝ። ወይ ሥራ ማግኘት፣ ዘመናይን እንኳ ሰው አደረጋት ብዬ ለውባንቺ ነገርኳት። ውባንቺ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ሥራ የምጀምረው ሰኞ ነው። ስለዚህ እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በፊት፣ ለአባዬ በቪዲዮ ልደውልለት ወሰንኩ። ለእንዳሻው ቅዳሜ "ነገ ጠዋት ስልኩን አባዬ ፊት ያዘው፣ ምክንያት አልፈልግም" ብዬ መልእክት ላክሁለት። አየው፤ አልመለሰም። ለውባንቺም ነገርኳት። የዚያን ጊዜ ነው ለካ ለጋሽ ጌትነት ደውላ "ከነገ አያልፍም" ያለቻቸው።

እሑድ ገና በደንብ ሳይነጋ ተነሳሁ። ሸሚዙን ለበስኩ፣ ኮቱን ደረብኩ፣ ፀጉሬን ወደኋላ አሰርኩ። መስታወት ፊት ቆሜ የምለውን ተለማመድኩ። "አባዬ፣ ይህቺን ሾፌር ታውቃታለህ?" ልለው ነበር። ስልኬን ሳነሳ የበሩ ደወል ጮኸ። ውባንቺ ተኝታለች ብዬ ስዞር ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

ከፈትኩ። ጋሽ ጌትነት ናቸው፤ ከኋላቸው ዘመናይ፣ ከዘመናይ ኋላ ደረጃው ሙሉ ሰው። ሞኝ ነኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ ከቅዳሴ በፊት የመጡ መሰለኝ። "ግቡ፣ ግቡ! ማን ነገራችሁ ዛሬ እንደምለብሰው?" አልኩና ዲቪዛዬን ላሳያቸው መሐላቸው ዞርኩ። እውነቴን ነው፣ ዞርኩ። ማንም አልሳቀም። የሴቶቹን ነጠላ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ጥለቱ ሁሉ ወደ ላይ ተዘቅዝቋል።

"ተቀመጪ ልጄ" አሉኝ ጋሽ ጌትነት።

"አልቀመጥም። ማነው?"

"ተቀመጪ ጽዮን።"

"ጋሼ፣ እባክዎ ማነው?"

"አባትሽ አርፈዋል" አሉኝ። "የዛሬ ሁለት ሳምንት። እግዚአብሔር ያጽናሽ።"

የጮህኩትን አላስታውስም። ታችኛው ፎቅ ያለችው ጣልያናዊት ጎረቤታችን በፒጃማዋ ወጥታ እንደመጣች አስታውሳለሁ። መሬት ላይ በአውቶቡስ ሾፌር ልብስ ስንፈራፈር አየችኝና "አውቶቡሱ ተጋጨ? ሰው ሞተ?" ብላ ጠየቀች። ውባንቺ "ሲ፣ ሰው ሞተ" አለቻት። ዘመናይ ኮቴን አውልቃ ጥቁር ልታለብሰኝ እጄን ያዘች። አላስወልቅም ብዬ ታገልኳት፤ ያላየኝ ሰው አለ፣ ገና አላየኝም አልኳት። እንደዚያው ከነዲቪዛዬ ለቅሶ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ቀለል ሲል መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና ለእንዳሻው ደወልኩ። ገና ድምፁን ስሰማ ንዴቴ ከለቅሶዬ ቀደመ።

"ከፊቴ ነው አልከኝ!"

"አልዋሸሁም" አለኝ። "ገና አላወጣነውም ነበር። ሳጥኑ አጠገብ ነበርኩ።"

"እኔ እየሳቅሁ! ከሬሳው ጎን ሆነህ ሰማኸኝ እኮ፣ እየሳቅሁ! ታሞ እያለ ለምን አልነገርከኝም? ፈተናው ገደል ይግባ! አውሮፕላን ጠፍቶ ነው? ድምፁን እንኳ ልሰማ አይገባኝም ነበር?"

"ሁሉም እንዳትነግራት አሉኝ። አጎታችንም፣ የነፍስ አባታችንም፣ የናንተም ሽማግሌ።"

"አንተስ? አንተ ወንድሜ አይደለህም?"

ያን ጊዜ የነበረኝን ክፉ ቃል ሁሉ ደረደርኩለት፤ እዚህ አልደግመውም። ሲደክመኝ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እንዳሻው አልተከራከረኝም። ቀስ ብሎ "አንድ ነገር ልንገርሽ?" አለኝ።

"ምን ቀረህ ደግሞ?"

"ነግሬዋለሁ።"

"ምኑን?"

"አውቶቡሱን። ለአባዬ ነግሬዋለሁ።"

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"ከፈተናሽ በፊት በነበረው ቀን ነው" አለኝ። "ከሰዓት በኋላ ነቃ ብሎ 'ጽዮን ለምን አትደውልም? ተቀይማኛለች?' አለኝ። 'ስለ ሥራዋ ዝም ስላልኩ ነው' አለኝ። እሱ ያውቅ ነበር ጽዮን፤ ሻይ ቤት የሚለውን እንደነገርኩሽ ያውቅ ነበር። ያን ሲለኝ አልቻልኩም። 'አልተቀየመችህም፣ አውቶቡስ ልትነዳ ነው፣ ነገ ፈተና አለባት' አልኩት።"

"ምን አለ?"

"ጣራውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ 'ባዶውን ነው የምትነዳው ወይስ ሰው ጭና?' አለኝ። ለፈተና ባዶውን ይመስለኛል አልኩት። 'ባዶ አውቶቡስ ይዘላል በላት። ፍሬኑን አስቀድማ ቀስ አድርጋ ትንካው፤ ሰው ሲሞላበት ይረጋል፤ አትፍራ' አለ። ንገራት፣ አሁኑኑ ንገራት አለኝ። ከዚያ አጠገቡ ለተኛው ሰውዬ፣ ለነርሷ፣ መሬት ለምትጠርገው ሴትዮ፣ ላገኘው ሁሉ 'ልጄ የአውቶቡስ ሾፌር ናት፣ ሮም ከተማ' ሲል አመሸ። ድምፁ አልነበረውም፤ ግን ይላል።"

አለቀስኩ። የሰማሁትን ደስታ ልበለው ሐዘን ዛሬም አላውቅም። መልሱን አግኝቶ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚመልሰውን። እኔ ግን አልሰማሁትም። ያን ጠዋት ባዶው አውቶቡስ ሲዘልብኝ መልሱ ወንድሜ እጅ ነበር።

"ሊነጋጋ ሲል ሞተ" አለ እንዳሻው። "ጽዮንዬ፣ ምዬልሽ ነበር እኮ። 'አባዬ ይሙት' ብዬ ምዬ ነበር። አፈረስኩት፤ በማግሥቱ ሞተ።"

ያኔ ገባኝ። ይህ ጢም ያወጣ ሰውዬ ያን ሁሉ ቀን አልጋ ሥር ገብቶ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከዚያ ሥር ጎትቶ የሚያወጣው አባት የለም። በዚያ ላይ እኔ ከለቅሶው መሐል "ምለሃል" ብዬዋለሁ፣ "ምያለሁ" አስብዬዋለሁ።

"እንዳሻው፣ ስማኝ" አልኩት። "ሳንባው ነው። ሐኪሞቹ ነግረውህ የለ? መሐላውም የኔ ነው፣ እኔ ነኝ በግድ ያስማልኩህ። አንተ ባትነግረው ኖሮ ተቀይማኛለች እንዳለ ይሞት ነበር። አንተ አልገደልከውም።"

"ከልብሽ ነው?"

"ከልቤ ነው።"

"አባዬ ይሙት በይ።"

አፉ ለምዶበት ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ እንዲህ ነበር የምንተማመነው። የምንምልበት አባት እንደሌለ የታወሰን ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። ከበሩ ውጪ የለቀስተኞቹ ጉርምርምታ ይሰማኛል፤ ከሱ በኩልም ያው ነው። የምምልበት ፈለግሁ። እሱን ላሳርፈው እንጂ ምንም ብዬ ብምል ግድ አልነበረኝም። ግን የቀረኝ እሱው ነው፤ "እንዳሻው ይሙት" ለማለት ደግሞ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

"ሳልምል እመነኝ" አልኩት።

ትንፋሹ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ውባንቺ በሩን አንኳኩታ አወጣችኝ፣ ኮቴን አውልቃ ጥቁር ቀሚስ አለበሰችኝ፤ ያን ጊዜ አልታገልኳትም።

ሲመሻሽ ስልኬ ድምፅ ሰጠ። እንዳሻው ነው። "ኔትወርክ ነበር" ብሎ ጽፎልኛል።

እውነት ይሁን ውሸት አልጠየቅሁትም። "አምኜሃለሁ" ብዬ መለስኩለት።